ሐሳቡ የማን ነበር?

— ሄሎ? ... አቤት፣ ማን ልበል? ... አዎ፣ ነኝ። የድሮው ሐሳብ አንባቢ። አሁንማ መነጽሬን የት እንዳስቀመጥኩ እንኳ ማወቅ አቅቶኛል... ይቅርታ፣ አልሰማሁዎትም። አንድ ጊዜ... (ልጄ፣ ቴሌቪዥኑን ቀንሺልኝ እስቲ፣ ስልክ ላይ ነኝ።) እሺ፣ ይቀጥሉ።

— መድረክ ላይ? እኔ ጋ ወጥተው ነበር? ... ስንት ዓመት ሆነው? ... ሠላሳ አንድ! ወይ ጊዜ! የትኛው አዳራሽ ነበር? ... ከባቡር ጣቢያው ጀርባ? ያ ዝናብ ሲጥል ቆርቆሮው ድምፄን የማያሰማው! ወንበሮቹ ትዝ ይሉዎታል? አንድ ሰው ሲነሳ መደዳው በሙሉ ይንቋቋ ነበር እኮ። መጋረጃውን የሰፋችው ባለቤቴ ነበረች። ከጀርባው ሆና በቀዳዳ ታየኛለች... አይ፣ አረፈች። አራት ዓመቷ። ... አሜን፣ እርስዎንም ያኑርልኝ።

— እሺ፣ እሺ፣ አንቺ እልሻለሁ። ልጅ ሆነሽ ነዋ ያየሁሽ። ምን ነበር ሥራሽ? ... ልብስ ሰፊ? ... ቆይ፣ ቆይ! መርፌ ደረትሽ ላይ ሰክተሽ ረስተሽው የወጣሽው! «እንዳትወጊኝ» ስልሽ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አንቺን እንዴት እረሳለሁ!

— አዎ፣ «ዛሬ ልታዪው የምትፈልጊውን አንድ ሰው አስቢ» ነው ያልኩሽ። «ታላቅ እህቴን» አልሽ። ከዚያ እንባሽ መጣ። ለካ ሰባት ዓመት ተኳርፋችሁ ኖሯል። ... በማግስቱ ሄድሽ? እውነትሽን ነው? ... በሩን ስትከፍትልሽ ምን አለች? ... «ምሳ በልተሻል?» ብቻ? ኧረ የታላቅ ነገር! ... ከዚያ ወዲህ አንድ ቤት፣ ጎን ለጎን እየሰፋችሁ... እንዴት ደስ ይላል።

— እህትሽ አረፈች? መቼ? ... ባለፈው ወር። ... ነፍሷን ይማር፣ እህቴ። ... አለሁ፣ እሰማሻለሁ። አልቅሺ፣ ግድ የለም።

— ልጇ ምን አለሽ? ... «አክስቴ፣ ሰውዬው ነው እሷን እንድታስቢ ያደረገሽ፤ እነሱ ሰው ሳያውቅ ሐሳብ ያስገባሉ» አለሽ? ... እ... ልጁ አልዋሸሽም። ... አይ፣ አትዝጊው! ሄሎ? ትሰሚኛለሽ? ... እሺ። ቁጭ በይና እስክጨርስ ስሚኝ።

— ማንም የሰው ሐሳብ አያነብም። የእኔ ሥራ ቀስ አድርጎ መምራት ነበር። መግቢያው ላይ ሕፃን ያቀፈች ሴት ሥዕል ተሰቅሎ ነበር፤ አይተሽው አልፈሻል፣ አታስታውሺውም። መድረክ ላይ ደግሞ «እናንተ»፣ «እናያለን»፣ «እናስታውስ» እያልኩ «እና» የሚለውን ጠበቅ አደርጋለሁ። እጆቼን ልጅ እንደታቀፈ ሰው አጣጥፋለሁ። በመጨረሻ «ቶሎ! መጀመሪያ የመጣልሽን!» ብዬ አስቸኩልሻለሁ። ታዲያ ሰው ምን ይላል? ... አዎ። «እናቴን» ይላል። ከአሥሩ ዘጠኙ። በመጨረሻ ከፍቼ በማነበው የታሸገ ፖስታ ውስጥም ቀድሜ የምጽፈው እሱኑ ነው።

— ልክ ነሽ። «እህት» የሚል አልነበረበትም። «እናት» ነበር የጻፍኩት። ... በእናቴ እምላለሁ!

— ላስረዳሽ። «ታላቅ እህቴን» ስትዪ ሁሉ ነገር ተበላሸብኝ። ከፊቴ ሁለት መቶ ሰው፣ እጄ ላይ የተሳሳተ ፖስታ። ቀና ስል አንቺ ታለቅሻለሽ። ምን ላድርግ? ፖስታውን ኪሴ ከተትኩና «ይሄን እኔ ጮክ ብዬ አላነበውም፤ አንቺው ራስሽ ሂጂላት» አልኩሽ። ሰው ያወቅኩ መስሎት ተነስቶ አጨበጨበ። ... አዎ፣ ዝም አልኩ። አፈርኩ። ከመጋረጃው ጀርባ ስገባ ባለቤቴ እንባዋን እየጠረገች ትስቃለች። «ዛሬ ገና ተሸነፍክ፤ እንዴት ደስ እንዳለኝ!» አለችኝ። ከእሷ በቀር ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

— ምን? ... «በእኔው ልብ ነው የታረቅኩት ማለት ነው?» ... አዎና! እኔማ በሙሉ አቅሜ ወደ ሌላ ስገፋሽ ነበር። ሥዕሉንም፣ ቃሉንም፣ እጄንም ጥሰሽ እሷ ጋ ሄድሽ። ማንም አላስገባብሽም። ሰባት ዓመት ሙሉ ስትናፍቂያት ነበር፣ በቃ።

— ... እየሳቅሽ ነው እያለቀስሽ? ... ሁለቱንም። እኔም እንደዚያው ነኝ። (ምንም አልሆንኩም ልጄ፣ ደህና ነኝ።)

— ኧረ አታመስግኚኝ። ያን ቀን ያ ሁሉ ሰው ለእኔ ነው ያጨበጨበው። ጭብጨባው ያንቺ ነበር፤ ይኸው ሠላሳ አንድ ዓመት ዝም ብዬ ወሰድኩብሽ። ... እሺ። እሺ፣ እህቴ። በይ ደህና ሁኚልኝ።