ተጠርቶ ያልተገኘ

(በአንዲት የወረዳ ከተማ ሆስፒታል የተመላላሽ ታካሚዎች መጠበቂያ አዳራሽ፣ ከጧቱ አራት ሰዓት ተኩል፤ የቀድሞው የመናኸሪያ ተራ አስከባሪ አቶ አሰግደው፣ ድምፃቸው ሻክሮ፣ ስም ጠሪዋን ሲስተር ወይንሸትን ከሐኪሙ በር ፊት ለፊት፣ ከተሰቀለው ቴሌቪዥን ሥር ይዘዋታል።)

አሰግደው፦ ነበርኩ አልኩሽ! ከዚህች ወንበር ንቅንቅ አላልኩም።

ወይንሸት፦ ጋሼ፣ እኔም ሦስት ጊዜ ጠርቻለሁ። አሰግደው ቢያድግልኝ፣ አሰግደው ቢያድግልኝ፣ አሰግደው ቢያድግልኝ። አቤት ያለ ሰው የለም። ስለዚህ ጻፍኩ፤ «ተጠርቶ ያልተገኘ»።

አሰግደው፦ መቼ ነው የጠራሽው?

ወይንሸት፦ ከአምስት ደቂቃ በፊት።

አሰግደው፦ ያ ሰውዬ ስለ ሳሙና ሲጮህ?

ወይንሸት፦ አዎ፣ ማስታወቂያ ላይ ነበር መሰለኝ።

አሰግደው፦ በይ እንግዲህ! እኔ የሰማሁት «አሁኑኑ ይደውሉ» የሚለውን ብቻ ነው። የሳሙናውን ስልክ ቁጥር በቃሌ ልንገርሽ?

ወይንሸት፦ አያስፈልግም፤ እኔም በቃሌ ይዤዋለሁ።

አሰግደው፦ ታዲያ አስገቢኝ።

ወይንሸት፦ አይሆንም። አንዴ ተጽፏል።

አሰግደው፦ ሲስተር፣ የጉሮሮ ሐኪሙ የሚመጣው በአሥራ አምስት ቀን አንዴ፣ ሐሙስ ብቻ ነው። ይኸ እብጠት ግን ሐሙስን አይጠብቅም። ዳስሺው እስቲ። በፊት አተር ያክል ነበር፤ አሁን ምራቅ ስውጥ ይይዘኛል።

ወይንሸት፦ አየዋለሁ እኮ። ምን ላድርግ? ይኸ ሦስተኛዎ ነው።

አሰግደው፦ ሦስተኛ ሲሆን ምን ይመጣል?

ወይንሸት፦ ሦስት ጊዜ ያልተገኘ ሰው ካርዱ ይመለሳል። የሪፈር ወረቀቱም አይሠራም። ከጤና ጣቢያ እንደገና ይጀምራል።

አሰግደው፦ እንደገና? ያንን ወረቀት ለማግኘት አራት ወር ተመላልሻለሁ!

ወይንሸት፦ ድምፅዎን ይቆጥቡ ጋሼ፤ ይብስብዎታል።

አሰግደው፦ ለማን ልቆጥበው? ለሳሙናው ሰውዬ?

ወይንሸት፦ እርስዎስ ለምን ከቴሌቪዥኑ ሥር ይቀመጣሉ?

አሰግደው፦ ለበሩ የሚቀርበው ወንበር እሱ ነዋ! ባለፈው ከኋላ ተቀምጬ «ለምን ከኋላ ይቀመጣሉ» አልሽኝ። ከዚያ በፊት ቆሜ ብጠብቅ ዘበኛው «ተቀመጡ» አለኝ። የት ልሁን? ጣሪያው ላይ?

ወይንሸት፦ አይቆጡኝ እስቲ። አሁን ዜና ነው፤ ይኸው እየተሰማማን አይደል? ድራማም ሲሆን ደህና ነው። ማስታወቂያው ሲመጣ ነው የሚያብድብን።

አሰግደው፦ ቀንሺዋ!

ወይንሸት፦ በምን? ሪሞቱ በአስተዳዳሪው መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ተቆልፎበት።

አሰግደው፦ መድኃኒት ነው እንዴ የሚቆለፍበት?

ወይንሸት፦ ቴሌቪዥኑን ያመጣው አንድ የማስታወቂያ ድርጅት ነው። እነዚህንም ወንበሮች የሰጠን እሱ ነው። ታዲያ ሲሰጥ አስፈርሟል። ጣቢያው አይቀየርም፣ ድምፁ አይነካም።

አሰግደው፦ እና የተቀመጥንበትን ወንበር ዋጋ እየጮኸብን ነው የሚያስከፍለን በይኛ።

ወይንሸት፦ ሶኬቱን ባለፈው ወር ነቅዬው ነበር። ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ። እኔ ደግሞ ኮንትራት ነኝ፤ ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ማለት ቤቴ መግባት ነው።

አሰግደው፦ አስተዳዳሪው መጥቶ አልሰማም?

ወይንሸት፦ መጥተዋል። ሁለት ጊዜ መጡ፤ ሁለቱንም ጊዜ ዜና ላይ ደረሱ። እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው አዳመጡና «ምኑ ነው የሚጮኸው?» ብለውኝ ሄዱ። ደረጃውን ሳይጨርሱ ማስታወቂያው ጀመረ። ተከትዬ ብጣራ አልሰሙኝም።

አሰግደው፦ አሃሃ! ጉሮሮዬን... አታስቂኝ።

ወይንሸት፦ ይኸ ምኑ ያስቃል? እዚያ ጥግ ደም ግፊት የምትለካው ልጅ ምን እንደምትል ያውቃሉ? ማስታወቂያ ሲመጣ የሁሉም ሰው ግፊት ከፍ ይላል። አሁን ዜና እስኪመለስ ጠብቃ ነው የምትለካው።

አሰግደው፦ ኧረ ለመንግሥት ንገሩ! ማስታወቂያ ከፕሮግራሙ በላይ እንዳይጮህ መመሪያ ይወጣል ሲባል ሰምቻለሁ።

ወይንሸት፦ እኔም ሰምቼ ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ደወልኩ። «ማስረጃ ላኪ» አሉኝ። በስልኬ ቀዳሁት። ስከፍተው ዜናውም ማስታወቂያውም እኩል ሆኖ ቁጭ!

አሰግደው፦ ስልክሽም ጉቦ በላ?

ወይንሸት፦ ስልክ የጮኸውን ዝቅ፣ ዝቅ ያለውን ከፍ አድርጎ ይቀዳል አሉኝ። «በመሣሪያ ይለካ» አሉ። መሣሪያው ከየት ይምጣ ስል «በደብዳቤ ጠይቁ» አሉኝ። ደብዳቤውን የሚፈርሙት አስተዳዳሪው ናቸው። አስተዳዳሪው ደግሞ የሚያውቁት ዜናውን ነው።

አሰግደው፦ እንዲህ ያለ ዙሪያ ጥምጥም አይቼ አላውቅም! በቃ ለእኔ ብቻ ብለሽ ስሜን መልሺው።

ወይንሸት፦ ከሰረዝኩ ምክንያት መጻፍ አለብኝ። ምን ልበል? «ታካሚው ነበሩ፤ ጠሪዋ ናት ያልተሰማችው» ልበል? በራሴ ላይ ልፈርም?

አሰግደው፦ እውነቱ እሱ ከሆነስ?

ወይንሸት፦ እውነቱ ለእርስዎ ነው። እኔ ሁለት ልጆች አሉኝ።

አሰግደው፦ እኔም አንድ ጉሮሮ አለኝ!

ወይንሸት፦ እኔ ነኝ እንዴ ያሳበጥኩት ጋሼ?

አሰግደው፦ ይቅርታ ልጄ። ተናድጄ ነው። እስቲ መዝገቡን ግለጪ።

ወይንሸት፦ የታካሚ ስም ለሰው አይታይም።

አሰግደው፦ ስም አላልኩም። «ያልተገኘ» የሚለውን ብቻ ቁጠሪልኝ። ቴሌቪዥኑ መቼ ነው የተሰቀለው?

ወይንሸት፦ ኅዳር መግቢያ ላይ።

አሰግደው፦ ከዚያ በፊት ያለውን።

ወይንሸት፦ ጥቅምት... ሁለት ሰው። ከሱ በፊት ያለው ሐሙስ አንድ። መስከረም ላይ ማንም የለም።

አሰግደው፦ ከኅዳር ወዲህስ?

ወይንሸት፦ ዘጠኝ። እዚህ አሥራ አንድ። ዛሬ አሥራ ሦስት... ቆይ።

አሰግደው፦ ምን ሆንሽ?

ወይንሸት፦ ጋሼ፣ እኔ እኮ ሪፖርት ጽፌያለሁ። በገዛ እጄ። «የአካባቢው ኅብረተሰብ ቀጠሮ አያከብርም» ብዬ።

አሰግደው፦ ኅብረተሰቡ እዚህ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ?

ወይንሸት፦ አስተዳዳሪው ሪፖርቱን አይተው መፍትሔ አመጡ።

አሰግደው፦ ምን አሉ?

ወይንሸት፦ ማስታወቂያ ይሠራ አሉ። «ቀጠሮዎን ያክብሩ» የሚል። እዚሁ ቴሌቪዥን ላይ የሚተላለፍ።

አሰግደው፦ ጮክ ብሎ?

ወይንሸት፦ ጮክ ብሎ።

አሰግደው፦ እግዚኦ!

ወይንሸት፦ ሐኪሙ ባለፈው በመጡበት ሐሙስ አንዲት እናት ነበሩ። ከገጠር በጭነት መኪና ተሳፍረው የመጡ፣ አንገታቸውን በነጠላ የጠቀለሉ። ይኸው ስማቸው፤ «ተጠርቶ ያልተገኘ»። ከሰዓት በኋላ እያለቀሱ ሲወጡ አይቻቸዋለሁ። ሰው የሞተባቸው መስሎኝ «አይዞዎት» ብያቸው አለፍኩ።

አሰግደው፦ አላወቅሽማ።

ወይንሸት፦ እንዴት አላውቅም? ስጠራ የራሴ ድምፅ ለራሴ አይሰማኝም ነበር እኮ! አፌን ከፍቼ ዘጋሁ፣ ጻፍኩ። ከፍቼ ዘጋሁ፣ ጻፍኩ።

አሰግደው፦ በይ አታልቅሺ፤ ሰው ያየናል።

ወይንሸት፦ አላለቀስኩም። ተናድጄ ነው። እርስዎ ይህን ሁሉ ዘመን መናኸሪያ ሲጠሩ እንዴት ነበር የሚሰማዎት ሰው? ያ ሁሉ ሞተር፣ ያ ሁሉ ጡሩምባ።

አሰግደው፦ ሞተር ሲያጓራ ማን ይጠራል? አፌን ዘግቼ እቆም ነበር። ሹፌሩ ይቆጣል፣ ረዳቱ ይሳደባል፤ እኔ ዝም። መኪናው ካልተሞላ መሄድ የለ፣ የት ይደርሳል? ሞተሩን ያጠፋዋል። ያኔ እጠራለሁ።

ወይንሸት፦ ራሱ ያጠፋዋል?

አሰግደው፦ ካልጠራሁለት ሰው የት ያገኛል? ይኸን ጉሮሮ ያበላሸሁት በኋላ ነው፣ አዲሱ ኃላፊ መጥቶ «ሞተር በርቶም ቢሆን ጥራ» ካለኝ ወዲህ።

ወይንሸት፦ ዜናው አለቀ። ሊጀምር ነው።

አሰግደው፦ ይኸው መጣ! ወይ ጣጣ! ቶሎ በይ፣ ቀጣዩን ጥሪ፤ ሐኪሙ ስድስት ሰዓት ላይ ይሄዳሉ።

ወይንሸት፦ ጠጋ ይበሉ፣ በጆሮዬ ይንገሩኝ! ምን አሉ?

አሰግደው፦ ቀጣዩን ጥሪ! በኔ ምክንያት ሰው አይጉላላ!

ወይንሸት፦ አልጠራም።

አሰግደው፦ ምን?

ወይንሸት፦ አልጠራም! ማስታወቂያው እስኪያልቅ አንድ ስም ከአፌ አይወጣም። የሚጽፉብኝ ከሆነ ይጻፉ።

አሰግደው፦ ሐኪሙስ?

ወይንሸት፦ ባዶ ክፍል ይቀመጡ። እስከ ዛሬ ባዶ ወንበር አላዩም፤ አንዱ ሲቀር ሌላውን እየላክሁላቸው።

አሰግደው፦ ልጄ፣ ልጆች አሉኝ ብለሽኝ አልነበረም? እኔ ይቅርብኝ፣ ከጤና ጣቢያ እጀምራለሁ።

ወይንሸት፦ ዛሬ ብቻ አሥራ ሦስት ሰው ጽፌያለሁ ጋሼ። እርስዎ አንዱ ነዎት።

አሰግደው፦ በሩ ተከፈተ። ሐኪሙ ናቸው። አየሻቸው?

ወይንሸት፦ አየኋቸው።

አሰግደው፦ አፋቸው ይንቀሳቀሳል። ምን እያሉ ነው?

ወይንሸት፦ እኔ እንጃ። ከዚህ አይሰማም።

አሰግደው፦ እጃቸውን እያወራጩ ነው። ኧረ ተቆጥተዋል! መልሺላቸው!

ወይንሸት፦ እመልሳለሁ። እዚህ ድረስ ይምጡና ከቴሌቪዥኑ ሥር ይቁሙ።

አሰግደው፦ እየመጡ ነው። ወይንሸት፣ እየመጡ ነው! እኔ ልሂድልሽ?

ወይንሸት፦ የትም አይሄዱም። ክንድዎን ይስጡኝ፤ የለም ብዬ የጻፍኩትን ሰው ይዤ ላሳያቸው ነው።