ወፍ የራቀው ሜዳ

ሲትስከ፣ አትቆጪኝ። አላወራም ብዬ ቃል ብገባልሽም፣ ዛሬ በመሸኛሽ ስለ ዘንጉ ላወራ ነው።

ሲትስከ ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ወደ ወፍ ጥበቃ ቢሯችን ስትመጣ ተረከዛም ጫማ አድርጋ ነበር። በዚያው ቀን ወደ ገበሬው ጋሽ ዊብረን ሜዳ ወሰድኳት። እኛ የፍሪስላንድ ልጆች ቦይ የምንሻገረው ዘንግ ተክለን በመዝለል ነው፤ ተሻገርኩና ዘንጉን ወረወርኩላት። "አውቅበታለሁ" ብላ ዘለለች። ዘንጉ ቦዩ መሀል ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ እሷም አናቱ ላይ ተንጠልጥላ ቀረች። ከዚያ ቀስ እያለች ወደ ጭቃው ወረደች።

ጋሽ ዊብረን ፒፓቸውን ከአፋቸው አውጥተው፣ "ወፍ የሚጠብቅ ላኩልን ብንል ዳክዬ ላኩልን!" አሉ።

እሷ እስከ ወገቧ ውኃ ውስጥ ሆና፣ "ዳክዬም ብሆን፣ ሣርዎን እስከ ሰኔ አጋማሽ አያጭዱም!" አለቻቸው። እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ዛሬ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ከዋናው መሥሪያ ቤት ለመጣችሁና ሜዳ ረግጣችሁ ለማታውቁ አለቆቻችን ላስረዳ። ግሩቶ የምንላት የምንጠብቃት ወፍ እንቁላሏን የምትጥለው ሣር ውስጥ፣ መሬት ላይ ነው። ገበሬው ጫጩቶቹ እስኪበሩ ማጨዱን ካዘገየ መንግሥት ይክሰዋል። እኛ ጎጆውን ፈልገን፣ ትራክተሩ እንዳይሄድበት በዱላ ምልክት እናደርጋለን።

ሲትስከ ታዲያ በመጀመሪያው ዓመት ዱላዎቹን እንቁላሉ አጠገብ ተከለች፤ እንዲታይ ብላም ቀይ ጨርቅ አሰረችባቸው። በማግስቱ ቁራዎች ዱላው ላይ ተቀምጠው ቁርስ በልተው ጨርሰዋል። ጋሽ ዊብረን፣ "አንቺ ልጅ፣ ለቁራ የምግብ ቤት ታፔላ ሰቀልሽለት" አሏት። መኪናው ኋላ ሄዳ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ከጎጆው ሰባት እርምጃ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ሳትቆጥር ዱላ ተክላ አታውቅም። ወደ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ስትሄድም ትቆጥራለች፤ ሁላችሁም ሰምታችኋታል።

አሁን ሳቁን ልተወው።

ጋሽ ዊብረን ሜዳ ላይ ግሩቶ ማረፍ ካቆመች ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ሚስታቸው ሞተዋል፤ ጎረቤቶቻቸው ከብቱንም ቤቱንም ሸጠው ሄደዋል። ሲትስከ ግን ማክሰኞ ማክሰኞ መሄዷን አልተወችም። ሪፖርቷ ሁሌም አንድ መስመር ነው፤ "ወፍ አልታየም"።

"ወፍ ከሌለ ምን ልታዪ ትሄጃለሽ?" አልኳት አንድ ቀን።

"ጋሽ ዊብረን አሉ" አለችኝ።

ባለፈው ማክሰኞ አብሬያት ሄድኩ። ሽማግሌው ሣሩን ዘንድሮም አላጨዱትም። "ቢመጡ የት ይረፉ?" ይላሉ። ስንሰነባበት፣ "ከእንግዲህ ማን ይመጣል?" ብለው ጠየቁ። ሲትስከ እኔን አየችኝ፤ እኔ ቦዩን አየሁ። እሳቸውም፣ "ግድ የለም፤ ወፎቹም ሳይሰናበቱ ነው የሄዱት" አሉ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ወፍ የሌለበት ሜዳ የካሳ ውሉ አይታደስም። ማኅደሩን ትናንት በእጄ ዘጋሁት። በሲትስከ ቦታም ሰው እንደማይቀጠር ተነግሮኛል። ከሰኞ ጀምሮ ያ ክፍል ውስጥ እኔና ሁለት ጠረጴዛዎች ነን፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈርቻለሁ።

ሲትስከ፣ ሰው ቤት መሄድ ከሥራችን ዋናው እንደሆነ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ዘግይቶ ነው የገባኝ። አመሰግንሻለሁ። ማክሰኞን የዕረፍት ቀኔ እንዲያደርጉልኝ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል።

በሉ፣ ብርጭቋችሁን አንሡ። ዕድሜ ከጤና ይስጥሽ፤ ጉልበትሽን ይጠብቅልሽ፤ ቤትሽን ሰው አይራቀው። የመጀመሪያው እንግዳሽ እኔ ነኝ፤ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት። ተዘጋጅተሽ ጠብቂኝ። ጋሽ ዊብረን ጋ ብቻዬን መሄድ አልችልም።