ሐያት ዜና ያነበበች ዕለት

እዚህ ኖርዌይ ኤፍኤም ተዘግቶ ሬዲዮው ወደ ዲጂታል የዞረ ሰሞን፣ የኔ አሮጌ መኪና ሬዲዮ ከመንሿሿት በቀር ምንም አያሰማም ነበር። እኔም ግድ አልሰጠኝ። አንድ ቀን ግን ልጄ ሐያት ደውላ፣ «አባዬ፣ ነገ ጠዋት የመጀመሪያ ዜናዬን በሬዲዮ አነባለሁ» አለችኝ። ወዲያው ሊንደሩድ ወዳለው ሱቅ ሄጄ የዲጂታል መቀበያ ገዛሁና አንቴናውን መስታወቱ ላይ ለጥፌ ራሴ ገጠምኩት።

በማግስቱ የሥራ ባልደረባዬን ኢንገርን አሳፍሬ ሥራችን ወዳለበት ወደ ሄልስፊር ስንሄድ ድምፁ ይመጣል፣ መልሶ ይጠፋል። ዜናው ሊያመልጠኝ ነው ብዬ ልቤ ተሰቀለ። ልክ መሥሪያ ቤታችን ደርሼ ስቆም የሐያት ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ። ኢንገር ልትወርድ በሩን ስትከፍት፣ «አንዴ ቆዪ፣ ልጄ ናት» አልኳት።

«ሐያት? ያቺ ትንሿ?»

«ያ» አልኳት፣ አዎ ማለቴ ነው በአገሩ ቋንቋ። በሩን መልሳ ዘጋችው።

ምን ልበላችሁ፣ ልጄ አንዴም ሳትደናቀፍ አንብባ ጨረሰችና «ዜናውን ያቀረብኩት ሐያት ሰይድ ነኝ» አለች። ሰይድ እኔ ነኝ። ከወሎ ይዤው የመጣሁት ስም በኖርዌይ ሬዲዮ ሲጠራ ሰማሁ።

ሥራ የገባነው አርፍደን ነው። አለቃችን ምክንያቱን ሲጠይቀኝ ኢንገር ቀደመችኝ፤ «ልጁ ለአገሩ ሁሉ ዜና ስታነብ እያዳመጥን ነበር» አለችው።