በእግሬ ያልዞርኩት ወሰን

ክቡራትና ክቡራን፣ ሥራችሁን ትታችሁ ይህን የሽኝት ዝግጅት ላሰናዳችሁልኝ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ተቀመጥ ስትሉኝ የምነሳው ንቄያችሁ አይደለም፤ ከጠዋት ጀምሮ መቀመጥ አቅቶኛል።

ከጣርማ በር ማዶ ሹራብ ለብሼ መሬት ልለካ ሸዋ ሮቢት የገባሁት ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ነው። ሹራቡን በማግስቱ አወለቅኩት፤ ፀሐዩን ግን እስከ ዛሬ አልለመድኩትም። ሳቁ፣ ሳቁ! መዘዙ ግን ኋላ ይመጣል።

ኮምፒዩተሩ የመጣ ጊዜ የካርታ ባለሙያችን ማህደር ከአየር ላይ የተነሳ ፎቶ ከፍታ አሳየችኝ። ብርሃንና ጥላ፣ አረንጓዴና ቡኒ በተገናኙበት ሁሉ ኮምፒዩተሩ መስመር ያሰምራል። ከዚያ ከተቆራረጡት መስመሮች የትኛው ከየትኛው እንደሚሄድ ገምቶ ይገጣጥምና የአንድ ማሳ ዙሪያ ነው ብሎ ይዘጋዋል።

«የዛፍ ጥላስ? የፍየል መንገድስ?» አልኳት።

«እሱን መለየት የእርስዎ ሥራ ነው ጋሼ። የታተመውን ካርታ ይዘው ወሰኑን በእግርዎ ይዞራሉ፤ ከዚያ ይፈርማሉ» አለችኝ።

ዞርኩ? ብዙውን ዞሬያለሁ። የእትዬ ደብሪቱን ማሳ ግን አልዞርኩም።

እትዬ ደብሪቱ በዚያ ዓመት የመስኖ ውሃ አልበቃ ብሏቸው ግማሹን ማሾ፣ ግማሹን ሽንኩርት ዘርተው ነበር። ጎረቤታቸው አቶ ወርቁም ሽንኩርት ዘርተዋል። በሁለቱ መካከል ያለውን ወሰን የማንጎ ዛፎች ሸፍነውታል። ኮምፒዩተሩ ምን ያድርግ? ማሾውና ሽንኩርቱ የተገናኙበትን ወሰን ነው ብሎ ዘጋ። የእሳቸውን ሽንኩርት ከአቶ ወርቁ ሽንኩርት ጋር አንድ ማሳ አደረገው። እኔ ደግሞ ሙቀቱን ሸሽቼ መንገድ ዳር ግራር ሥር ቆሜ፣ በሩቁ አየሁና «ተረጋግጧል» ብዬ ፈረምኩ።

አሁን አቶ ወርቁ «በመሬት ደብተሬ ላይ ያለው የእኔ ነው፤ ክረምት ሳይገባ ልቀቂ» ብለዋቸዋል። ባለፈው ወር እትዬ ደብሪቱ ቢሮ መጥተው፣ «ልጄ፣ ስትለካ አላየሁህም፤ መቼ መጥተህ ነው?» አሉኝ። «መዝገቡን አያለሁ» ብዬ ሸኘኋቸው።

ስህተቱ የእኔ ነው የሚለውን ደብዳቤ በዚያው ቀን ጻፍኩት። ሦስት ሳምንት መሳቢያ ውስጥ የቆለፍኩበት ለምን ይመስላችኋል? ይህ የሽኝት ቀን በክብር እንዲያልፍልኝ ነው! እንዴት አፍሬ መሰላችሁ።

ማህደር፣ ነይ እንኪ፤ ደብዳቤው ይኸው። ነገ ከሁለቱም ባለማሳዎች ጋር ሆናችሁ ወሰኑን ዙሩ። እኔም ያለ አበል እመጣለሁ።

እንግዲህ ጤናና ሰላም አይለያችሁ። ልጆቻችሁን ለወግ ለማዕረግ ያብቃላችሁ። ጡረታ ስትወጡ እንቅልፍ የሚነሳ ፊርማ አይኑርባችሁ። አሜን በሉ እንጂ!

እትዬ ደብሪቱን ለዛሬ ጠርቻቸዋለሁ። ደጅ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ይህን ሳልናገር ይግቡ ማለት ከብዶኝ ነው። በሉ አስገቧቸው፤ እዚህ እኔ ወንበር ላይ ይቀመጡ።