መቃብር ያስቆፈሩት አባት

አዛውንቱ ኦክ ፒልጉ ኮሪያውያን የሙታናቸውን መቃብር ለሚያጸዱበት የመኸር በዓል፣ ለቹሶክ፣ የልጃቸውን የጂንፒዮን መቃብር ሣር ሊያጭዱ ኮረብታው ላይ ሲወጡ፣ የሟች ወንድማቸውን ልጅ ሚራንን የአባቷን መቃብር ስታጸዳ አገኟት። ሰላምታው እንዳለቀ ነገር ጀመረች።

«አጎቴ፣ ልጅዎ ዮንሲል ልታገባ ነው አሉ። እባክዎ ሳታገባ የዘር ምርመራ ታድርግ።»

«አፍሽን ያዢ! አማቾቿ ‹ዘራቸው በሽተኛ ነው› ብለው ሰርጉን ቢያፈርሱትስ? ደግሞ ነገሩ አብቅቷል። የአባቴ መቃብር ውሃ ገብቶበት ነው ይህ ሁሉ የመጣብን፤ አስቆፍሬ አፅሙን ደረቅ ቦታ አሳርፌዋለሁ።»

«ጂንፒዮ የሞተው የአያቴን አፅም እዚያ ካሳረፉ በኋላ አይደል?»

ይህን በፊታቸው ደፍሮ የተናገረ አልነበረም። ማጭዳቸውን ወረወሩት።

«አንቺ ባለጌ! በልጄ መቃብር ላይ ቆመሽ!»

«ይቅር ይበሉኝ። ግን የአንጀት ካንሰሩ በዘር የመጣ ነው። አባቴን ወሰደ፣ ጂንፒዮን ወሰደ። እኔም ወርሼዋለሁ። ሐኪሞች በየዓመቱ አንጀቴን ያዩኛል፤ እባጭ ካገኙ ካንሰር ሳይሆን ቆርጠው ይጥሉታል። ይኸው በጤናዬ ድንቼን እየቆፈርኩ አለሁ!»

«እኔም ተመርምሬ የምሞትበትን ቀን ሊነግሩኝ? ጠንቋይ ናቸው እንዴ?»

«ኧረ አጎቴ! ሊይዝዎት ይችላል፣ ላይዝዎትም ይችላል፣ ብቻ ይጠንቀቁ ነው የሚሉት። ጂንፒዮም ሊመረመር ፈልጎ ነበር እኮ። ‹አባቴ ከለከለኝ› አለኝ።»

ሽማግሌው ሣሩ ላይ ዘፍ አሉ። እውነቷን ነው። «እህትህ ሳትዳር ስማችንን አታጥፋ» ብለውታል፤ እሱም «እሺ አባባ» ብሎ ዳግመኛ አላነሳውም። ወይ ጉድ! ሰው ለስሙ ሲሳሳ ልጁን ይሰጣል። አስቀድሞ ያወቀ ቤተሰብ ሐኪሙ ዘንድ በጊዜ ይደርሳል፤ የደበቀ ግን ቀባሪውን ይጠራል። ይህ የገባቸው ዛሬ፣ ሣሩ ላይ ተቀምጠው ነው።

ስልካቸውን አወጡ።

«ዮንሲል፣ ልጄ፣ ሰርጉም ቢቀር ይቅር። ነገ ሄደን እንመርመር፤ እኔም አብሬሽ እመረመራለሁ።»



«አባባ፣ እኔ ከተመረመርኩ ቆየሁ። ተገኝቶብኝ እባጩን ቆርጠው አወጡልኝ፤ አሁን ደህና ነኝ። የወሰደኝም እጮኛዬ ነው።»

«ታዲያ ምነው እኔን ደበቅሽኝ?»

«አያቴን እንደገና እንዳያስቆፍሯቸው ብዬ ነዋ!»

ሊስቁ ሲሉ እንባቸው ቀደማቸው።

«እሰይ ልጄ፣ እንኳን አልሰማሽኝ!»

ጂንፒዮ ግን ሰምቷቸው ነበር።