የእህል መጋዘኑ አጫሾች

በደርግ ጊዜ ከቡሬ ወደ ጅጋ በአውቶቡስ ስሄድ፣ ከፊቴ የተቀመጠ ወጣት አጠገቡ ላሉት አዛውንት ሲጋራ ዘረጋላቸው።

«ይውሰዱ ጋሼ።»

«ትቻለሁ ልጄ። እህል መጋዘን ነው የምሠራ።»

«ከለከሏችሁ?»

«ሲከለክሉንማ ከአጥሩ ጀርባ እየሄድን እናጨስ ነበር። ኋላ ኃላፊያችን ሰበሰቡን፤ እሳቸውም አጫሽ ናቸው። ‹ብቻዬን አቃተኝ፣ አብረን እንተው› አሉን። ሁለት ሁለት ሆነን ተጣመርን። አንዱን ሲያምረው ጓደኛው ሥራውን አቁሞ አብሮት ይቀመጣል።»

«ተመልሶ የጀመረ የለም?»

«ዘበኛችን ጀምሮ ነበር። ማንም አልተቆጣውም፤ እንደገና አብሮን ተወ።»

«ዛሬ ጓደኛዎ የሉም። ቢያምርዎትስ?»

«አምሮኛል እኮ። እስከ ፍኖተ ሰላም አንተ አጫውተኝ።»

ወጣቱ ሲጋራውን ኪሱ ከቶ ስለ እርሻው ያወራቸው ጀመር።

እኔም ከኋላቸው ሆኜ፣ መሥሪያ ቤታችን ውስጥ የሚያጨሱትን ሰዎች አንድ በአንድ በልቤ ጠራሁ።