የእማማ ጉልበትና ባለ ሁለት በሯ መኪና

ዛሬ ጠዋት ከልደታ ወደ ለገሃር በሚሄደው ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ አራት ነበርን፦ አቤል፣ ጓደኛው ሚኪ፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ አንዲት እናትና እኔ። የልጆቹን ስም ያወቅኩት ሲጠራሩ ነው።

«ልገዛ ያየኋቸው ሁለቱም ስፖርት መኪኖች ያገለገሉ ናቸው፤ ዋጋቸውም ያው ነው» አለ አቤል። «ጀርመኗ ግን ትበራለች።»

«ትበርና ጋራዥ ትተኛለች» አለ ሚኪ። «ጀለሴ፣ ጃፓኗን ያዝ። ቶሎ አትበላሽም፣ መለዋወጫዋም የትም አለ።»

«ጃፓኗ ድምፅ የላትም።»

«ድምፅ ከፈለግህ ጡሩንባ ግዛ!»

እናትየዋ ሳቁ። «ልጄ፣ ማንን ልትጭንባት ነው?»

«እናቴን፣ እማማ። በየወሩ በልደታ ቀን ቤተ ክርስቲያን ላደርሳት ቃል ገብቻለሁ። ጉልበቷን ያማታል።»

«መኪኖቹ ዝቅ ያሉ ናቸው?»

«መሬት ሊነኩ ምንም አልቀራቸው» አለ ሚኪ።

«ታዲያ እናትህ አንዴ ከገባች እንዴት ትነሳለች?»

«እሱን አላሰብኩም» አለ አቤል።

«መኪኖቹ የት ናቸው?»

«ሰንጋ ተራ። ዛሬ አንዷን መርጬ ቀብድ ልከፍል ነው።»

«እኔም ጉልበቴን ያመኛል። ሁለቱም ላይ ተቀምጬ ልነሳ፤ ያስነሳችኝን ትገዛለህ።»

«ሁለቱም ባያስነሱዎትስ?» አለ ሚኪ።

«እናንተ ታነሱኛላችሁ፤ እሱም ባለ አራት በር ይፈልጋል። ወራጅ አለ!»

ሦስቱም ሰንጋ ተራ ላይ እየሳቁ ወረዱ።

እኔ እስከ ለገሃር አንገቴን ወደ ኋላ አዙሬ ሄድኩ፤ ሰንጋ ተራ የነበራችሁ፣ እናትየዋን የትኛዋ መኪና እንዳስነሳቻቸው እባካችሁ እዚህ ታሪክ ላይ ጨምሩበት።